የፈረሱ ልብ፣ የእናቴ ልብ

ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ መሬቱ በኮቴ ሲንቀጠቀጥ የሰውም ልብ አብሮ ይደልቃል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የዓድዋን ፈረሰኞች የሚዘክርበት ቀን ነው። ሰው ሁሉ የሚያየው ግልቢያውን ነው። እኔ ግን በልጅነቴ የማየው አጎቴን ነበር። ከኮርቻው እንደወረደ ጣቶቹን ከፈረሱ መንጋጋ ሥር ያስገባና ዝም ይላል። «ልቡ ቶሎ ከተመለሰ ደህና ነው። አልመለስ ካለ ግን አንድ ነገር አለ» ይለኝ ነበር። ሰዓት እኮ አልነበረውም!

እረፍት ላይ ያለ ጤነኛ ፈረስ ልቡ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ጊዜ ይመታል፤ ሲጋልብ ከ200 ያልፋል። የአዋቂ ሰው የእረፍት ምት አብዛኛውን ጊዜ ከ60 እስከ 100 ነው። የሠለጠነ ሯጭ ወደ 40 ሊወርድ ይችላል፤ ልቡ በአንድ ምት ብዙ ደም ስለሚገፋ መቻኮል አያስፈልገውም።

የልብ ምትን መቁጠር ረጅም ታሪክ አለው። ከክርስቶስ ልደት በፊት እስክንድርያ ውስጥ የነበረው ሐኪም ሄሮፊለስ በውኃ ሰዓት ምት ይለካ እንደነበር ይነገርለታል። ከእሱ በኋላ ግን ለብዙ ዘመን ሐኪሞች ከቁጥሩ ይልቅ የምቱን ጠባይ ነበር የሚያዳምጡት፤ ጠንካራ ነው፣ ደካማ ነው፣ ይቆራረጣል እያሉ። እንግሊዛዊው ጆን ፍሎየር ለዚሁ ሥራ የአንድ ደቂቃ ሰዓት አሠርቶ መጽሐፉን ያሳተመው በ1707 እ.ኤ.አ. ነው።

ወደ እኛ አገር ስንመጣ፣ ከዓድዋ ድል በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች ቁስለኞችን ሊያክሙ መጡ። ሕክምናው ወደ ገጠሩ እንዲዘልቅ ግን ብዙ ዓመት ፈጀ። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችንና ነርሶችን ለገጠሩ ማሠልጠን ጀመረ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እስከ ቀበሌ ደረሱ። ቁጥሩም ካርድ ላይ መጻፍ ጀመረ።

ታዲያ መጻፍና ማንበብ አንድ አይደሉም። የእናቴ ካርድ ላይ 112፣ ከዚያ 116፣ ከዚያ 110 ተጽፎ ነበር። ሦስት ጊዜ ሄዳ ሦስቱንም ጊዜ «በእግርሽ መጥተሽ ነው፤ አገሩም ደጋ ነው» ተብላ ተመለሰች። ከቆላ ትናንት ለወጣ ሰው ደጋው ልብ ያስቸኩላል፤ እውነት ነው። እዚያው ተወልዶ ላረጀ ሰው ግን ምክንያት አይሆንም። በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ ሰዎችን መርምሮ የደማቸው የኦክስጅን መጠን በአማካይ 95.3 በመቶ ሆኖ አገኘው። የደጋ ሰው አየሩን ለምዶታል።

በአራተኛው ጉዞ ያገኘናት ሐኪም እናቴን አሥር ደቂቃ አስቀመጠቻት፤ እንደገና ቆጠረች፤ 114። ከዚያ ሻሿን አስወልቃ አንገቷን ዳሰሰች። እንቅርቱን ሁላችንም እናውቀው ነበር፤ በአገራችን ደጋ የአዮዲን እጥረት ያመጣው የቆየ ችግር ስለሆነ ማንም አይደነግጥበትም። ግን ለዓመታት የቆየ እንቅርት አንዳንዴ ሆርሞን ያለ ልክ ያመነጫል፤ ያን ጊዜ ልብ ተኝቶም ይሮጣል። ደም ማነስ፣ ትኩሳት፣ የውኃ ጥም፣ የልብ ድካምም እንዲሁ ያደርጋሉ። ቁጥሩ በሽታውን አይነግርም፤ «ፈልግ» ነው የሚለው።

መቁጠሩ ከባድ አይደለም። ጠዋት ከአልጋ ሳይነሡ፣ ቡና ሳይቀመስ፣ ሁለት ጣት ከአውራ ጣት በታች አንጓው ላይ አድርጎ አንድ ደቂቃ ሙሉ መቁጠር ነው። የራስን የዘወትር ቁጥር ማወቅ ይጠቅማል። በተደጋጋሚ ከ100 ካለፈ፣ ወይም ሯጭ ሳይሆኑ ከ60 ወርዶ ካዞረዎት፣ ወይም ምቱ ከተዛባ ይታዩ። ራስን መሳት ወይም የደረት ሕመም ካለ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም።

እናቴ መድኃኒቷን ከጀመረች ወራት አለፉ፤ ምቷ 78 ገባ። ለአጎቴ ስነግረው ትንሽ ዝም አለና «ለፈረሱማ ሁልጊዜ እጄን እሰድ ነበር» አለኝ። «የእህቴን እጅ ግን አንድ ቀን ይዤ አላውቅም።»