«ላይብረሪው የለም» ያለን ፓይተን

ጋዜጠኝነት ተምራችሁ ፕሮግራም መጻፍ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረጋችሁ? የሚለን አይጠፋም። ነገሩ እንዲህ ነው። የድሮ ጽሑፎቻችንን እያነበበ የትኛውን ቃል ስንት ጊዜ ደጋግመን እንዳሰለቸናችሁ የሚቆጥር ትንሽ ፕሮግራም በፓይተን ቋንቋ ጽፈን ነበር። ኮምፒውተራችን ላይ ያለውን ፓይተን ከ3.10 ወደ 3.12 በቀየርን ማግስት ፕሮግራሙ «እንዲህ የሚባል ሞጁል አላገኘሁም» ብሎ ቀጥ አለ። ትናንት የነበረ ላይብረሪ፣ ማለትም ሌሎች ጽፈውት እኛ የምንዋሰው ኮድ፣ ዛሬ የት ይገባል?

የፓይተን ሰዎች ይህን ጥያቄ ከእኛ በፊት ለዓመታት ጠይቀውታል። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ሆላንዳዊው ጊዶ ቫን ሮሰም ቋንቋውን በ1989 መጨረሻ ጀምሮ በ1991 ለሕዝብ ሲለቅ፣ የዓለምን ፊደላት በአንድ ሠንጠረዥ የሚያሰፍረው ዩኒኮድ የመጀመሪያ ዕትሙ ገና አልወጣም ነበር። የእኛ ፊደል ሠንጠረዡ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ፓይተንም በ2000 ዩኒኮድን ተቀበለ፤ ግን እንደ ደባል። ዋናው ጽሑፍ የባይት ክምር ሆኖ ቀጠለ። በዩቲኤፍ 8 የተጻፈውን «ሰላም» ስንት ፊደል ነው ብትሉት ፓይተን 2 ዘጠኝ ይላችሁ ነበር፤ እያንዳንዱ ፊደላችን ሦስት ባይት ይይዛላ!

በታኅሣሥ 2008 የወጣው ፓይተን 3 ይህን አስተካከለ። ጽሑፍ ሁሉ ዩኒኮድ ሆነ፣ «ሰላም»ም ሦስት ፊደል። ዋጋው ግን ቀላል አልነበረም። ለፓይተን 2 የተጻፈ ኮድ በአብዛኛው በ3 አልሠራ አለ፤ አብረውት የሚመጡ ላይብረሪዎችም ስማቸው ተለወጠ። ኮንፊግፓርሰር የሚባለው ለምሳሌ የተለወጠው ትልልቆቹ የላቲን ፊደሎች ትንንሽ በመሆናቸው ብቻ ነው። ትልቅና ትንሽ የማያውቅ ፊደል ይዞ ላደገ ሰው ይህን ስሕተት በዓይን ማግኘት ፈተና ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው በር ላይ እንደተገናኙ ሁለት ጨዋ እንግዶች ነው። ፕሮግራም ጸሐፊው «ላይብረሪው ይቅደም» ይላል፤ የላይብረሪው ባለቤት «የለም፣ ተጠቃሚዎች ይቅደሙ» ይላል። በ2015 ሊያበቃ የነበረው የፓይተን 2.7 ድጋፍ በ2014 ወደ 2020 ተራዘመ። በጥር 1 ቀን 2020 አበቃ፤ የመጨረሻው ዕትም በዚያው ዓመት ሚያዝያ ወጣ። ከታኅሣሥ 2008 ቢቆጠር ከአሥራ አንድ ዓመት በላይ ማለት ነው።

ወደ እኛ ጉዳይ እንመለስ። ለካ ላይብረሪዎቻችን የትም አልሄዱም። እያንዳንዱ የፓይተን ዕትም የራሱ መደርደሪያ አለው፤ የ3.10ን መደርደሪያ 3.12 ዞር ብሎ አያየውም። አሮጌውን ልናጠፋው ስንል ነው የነቃነው። መጀመሪያ በአሮጌው ፓይተን በኩል «ፒፕ ፍሪዝ» ብለን የላይብረሪዎቹን ዝርዝር ከነዕትማቸው በፋይል አስቀመጥን። ቀጥለን ለፕሮግራሙ ብቻ የሚሆን ገለልተኛ ክፍል በ«ቬንቭ» ከፈትን (ከ2012 ጀምሮ ከፓይተን ጋር አብሮ ይመጣል)፤ ዝርዝሩንም በአዲሱ ፓይተን ፒፕ ጫንን። ፒፕን ዝም ብሎ መጥራት አደጋ አለው፤ የየትኛው ዕትም ፒፕ እንደሚመልስላችሁ አታውቁም።

አንዱ ግን አሁንም እምቢ አለ። ዲስትዩቲልስ የሚባለውን ሞጁል ይፈልጋል፣ ፓይተን ደግሞ በጥቅምት 2023 በወጣው 3.12 ጭራሹን አስወግዶታል። ሰትአፕቱልስን ስንጭን የራሱን የዲስትዩቲልስ ቅጂ ይዞልን መጣ። ዘላቂው መፍትሔ ላይብረሪውን ራሱን ማሳደስ ነው፤ እሱን ለሌላ ቀን አስተላልፈነዋል።

ፕሮግራሙ ተነሣ፣ ቆጠረም። አንደኛ የወጣው ቃል «ግን» ነው።