መከራን ለሌላው መድኃኒት ስለ ማድረግ

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ በመምህርነት ዘመኔ፥ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ለወገኑ ብዙ ሊረዳ አይችልም ብዬ ተማሪዎቼን እመክር ነበር። ይህን ስሕተቴን ያረመልኝ የወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ታሪክ ነው።

ወይዘሮ ማሚቱ በገጠር ያደጉ፥ ትምህርት ቤት ያልገቡ ነበሩ። በ1950ዎቹ ዓ.ም.፥ ገና በልጅነታቸው፥ ምጥ ለቀናት ስለ ጸናባቸው ሕፃኑ ሞተ፤ እርሳቸውም በፊስቱላ ታመሙ። ይህ ሕመም ሽንትን መቋጠር ስለሚከለክል ብዙ ሴቶችን ከሰው ይለያል። አዲስ አበባ መጥተው በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን አከሟቸው።

ከዚያ በኋላ ወደ አገራቸው አልተመለሱም። በመጀመሪያ የሕሙማንን አልጋ አነጠፉ፤ ቀጥሎ ለሐኪሞቹ መሣሪያ አቀበሉ፤ በመጨረሻም እያዩ ተምረው ራሳቸው ቀዶ ሕክምና አድራጊ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከሐምሊኖች ጋር ከለንደኑ ንጉሣዊ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ የወርቅ ሜዳሊያ ተሸለሙ። ማንበብና መጻፍ የተማሩት ግን ቀዶ ሕክምናውን ከለመዱ በኋላ ነው።

ልጄ ሆይ፥ መምህር ነኝና ፊደልን ተው አልልህም። ነገር ግን ወይዘሮ ማሚቱ አልጋ ሲያነጥፉ፥ በዚያ ላይ የምትተኛው ሴት ምን እንደሚሰማት ያውቁ ነበር፤ ይህን ዕውቀት እኔ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ ላስተምርህ አልችልም።