ደመወዝን ሳያዛውሩ በሌላ ባንክ ሂሳብ መክፈትና የባንኮች ማበረታቻ

በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ከለገሃር አንሥቶ በስታዲየም በኩል እስከ ካዛንቺስ ባለው አካባቢ የባንክ ቅርንጫፎች ተቀራርበው ይገኛሉ። በአካባቢው የሚሠራ ደመወዝተኛም አዲስ ሂሳብ እንዲከፍት በተደጋጋሚ ይጋበዛል። ግብዣው በሽልማት ዕጣ፣ በሞባይል ካርድ ስጦታ፣ በተሻለ ወለድ ወይም ወደፊት ብድር በማግኘት ተስፋ የታጀበ ነው። ይህ ጽሑፍ ደመወዙ በአሠሪው በኩል ለአንድ ባንክ የታሰረ ሠራተኛ፣ ያንን ሳይነካ ከሌላ ባንክ ማበረታቻ ማግኘት የሚችልበትን አግባብና ሊያደርገው የሚገባውን ጥንቃቄ ያስረዳል።

ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ይሠራ ከነበረው «ኢንቺስ» ከተባለው ተቋም ቤቶች ነው። ሰፈሩ ከስሙ ጀምሮ የደመወዝተኛ ሰፈር ነበር ማለት ይቻላል።

ደመወዝ ለምን በአንድ ባንክ ይታሰራል?

አሠሪ መሥሪያ ቤት የሠራተኞቹን ደመወዝ በአንድ ጊዜ ለመክፈል ከባንክ ጋር ይዋዋላል፤ ሠራተኛውም በዚያው ባንክ ሂሳብ ይከፍታል። ሠራተኛው ባንክ ለመቀየር ቢፈልግ የአሠሪውን ፈቃድ ይጠይቃል። በደመወዝ ዋስትና የተበደረ ከሆነ ደግሞ ብድሩ እስኪጠናቀቅ ወይም ባንኩ በጽሑፍ እስኪለቀው ድረስ ደመወዙን ማዛወር አይችልም። ሆኖም ይህ ግዴታ ደመወዙ መጀመሪያ የሚገባበትን ሂሳብ ብቻ የሚመለከት ነው። ደመወዙ ከገባ በኋላ ገንዘቡ የሠራተኛው ነው፤ ከፊሉን ወደ ሌላ ባንክ ለማስተላለፍ የአሠሪ ፈቃድ አያስፈልግም። የብዙዎች ስጋት የሚመነጨው እነዚህን ሁለት ነገሮች ካለመለየት ነው።

የማበረታቻ ዓይነቶች

በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን የሚያውቁት አሠራር፣ አዲስ ደንበኛ ሂሳብ ከፍቶ የተባለውን መስፈርት ሲያሟላ ባንኩ የተወሰነ ዶላር በቀጥታ የሚያስገባለት ነው። ብዙውን ጊዜ መስፈርቱ ደመወዝን ወደ አዲሱ ሂሳብ ማስገባት ቢሆንም፣ የተወሰነ ገንዘብ ለተወሰነ ጊዜ ማስቀመጥ ብቻ የሚጠይቁ ባንኮችም አሉ። በዚያ አገር እንዲህ ያለው ገንዘብ እንደ ወለድ ገቢ ተቆጥሮ ግብር ይከፈልበታል።

በአገራችን ለእያንዳንዱ አዲስ ደንበኛ ጥሬ ገንዘብ መስጠት የተለመደ አይደለም። በስፋት የሚታወቀው «ይቆጥቡ ይሸለሙ» የሚባለው መርሐ ግብር ነው፤ ተቀማጩ ላስቀመጠው የተወሰነ ብር መጠን የዕጣ ቁጥር ያገኛል፣ ዕጣውም በታወቀ ቀን ይወጣል። ከውጭ አገር የተላከለትን ገንዘብ ለሚቀበልና ለሚመነዝር ደንበኛም ተመሳሳይ ሽልማት ይዘጋጃል። ለእነዚህ በአብዛኛው የደመወዝ ሂሳብ መሆን አይጠበቅበትም፤ ተራ የቁጠባ ሂሳብ ይበቃል። በደመወዝ ላይ የተመሠረተ ብድር ግን የተለየ ነው፤ ደመወዙን ላላዛወረ ሰው አይሰጥም። ሂሳብ ሲከፈት ስለ ብድር ተስፋ የሚሰጥ ሠራተኛ ካለ፣ ብድሩ ደመወዝ ማዛወርን ይጠይቅ እንደሆነ በግልጽ መጠየቅ ይገባል።

ግብዣው በተለይ በሰኔ ይበረታል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ፣ ቅርንጫፎች የተሰጣቸውን የተቀማጭ ዕቅድ ለማሟላት ሠራተኞቻቸውን ወደ ሱቆችና ወደ ቢሮዎች ያሰማራሉ፤ ዘመድና ወዳጅም «ለእኔ ብለህ አንድ ክፈትልኝ» ይባላል። ለወዳጅ ተብሎ የተከፈተ ሂሳብ ነውር የለበትም። ነገር ግን በሐምሌ የተረሳ ሂሳብ ለረጅም ጊዜ ካልተንቀሳቀሰ ሊታገድ ይችላል፤ ለማስከፈትም ባለቤቱ መታወቂያ ይዞ በአካል መቅረብ ይጠበቅበታል።

ጥቅሙን ማስላት

ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከጥቅምት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጎታል። በዚህ ልክ 10,000 ብር ለአንድ ዓመት ሳይነካ ቢቀመጥ 700 ብር ይወልዳል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ከባንክ ቁጠባ ወለድ ላይ ባስቀመጠው የ5 በመቶ ግብር ቢሰላ 35 ብር ተቀንሶ 665 ብር ይቀራል። ይኸው ተቀማጭ በየወሩ ከደመወዝ ሂሳብ እየተላለፈ የሚጠራቀም ከሆነ ግን ወለዱ ያንሳል፤ የማስተላለፊያ ክፍያም ይታከልበታል። ለምሳሌ ክፍያው በአንድ ጊዜ 10 ብር ቢሆን በዓመት 120 ብር ይሆናል። ስለዚህ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ከማስተላለፍ በወር አንድ ጊዜ ማስተላለፍ ይሻላል። ባለፉት ዓመታት የዋጋ ንረቱ በአብዛኛው ከዚህ ወለድ በላይ እንደነበርም መዘንጋት አይገባም፤ ለዕጣ ሲባል ብቻ ብዙ ገንዘብ ለረጅም ጊዜ ማስቀመጥ በሒሳብ አያዋጣም።

ዕጣው ዕድል እንጂ ገቢ አይደለም። የወጣለት ሰውም ግብር አለበት፤ የተጠቀሰው አዋጅ ከ1,000 ብር ላላነሰ የዕድል ጨዋታ አሸናፊነት 15 በመቶ ደንግጎ ነበር። አዋጁ በ2017 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1395 ስለተሻሻለ፣ ተሸላሚው ክፍያው በሚፈጸምበት ቀን የሚሠራውን ልክ መመልከት አለበት። ሽልማቱ መኪና ወይም የቤት ዕቃ ሲሆን ግብሩንና የስም ማዛወሪያውን ማን እንደሚከፍል አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛ ሂሳብ ብዙ የማይነገርለት አንድ ጥቅም አለው። በ2013 ዓ.ም. በወጣው ደንብ ቁጥር 482 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ፣ አንድ ባንክ ቢወድቅ ለአንድ ተቀማጭ እስከ 100,000 ብር ይሸፍናል። ሽፋኑ የሚቆጠረው በእያንዳንዱ ባንክ ነው። 180,000 ብር ያለው ሰው ገንዘቡን በሁለት ባንኮች 90,000 እያደረገ ቢያስቀምጥ ሙሉ በሙሉ ይሸፈንለታል፤ በአንድ ባንክ በሁለት ደብተር ቢከፍለው ግን 80,000 ብር ከሽፋን ውጭ ይሆናል። ይህን ያህል ገንዘብ ላለው ቤተሰብ ጥቅሙ ከማናቸውም የመክፈቻ ስጦታ ይበልጣል።

ሂሳቡን ሲከፍቱ

ከ2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ አዲስ ሂሳብ ለመክፈት የፋይዳ ቁጥር ያስፈልጋል። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ከካዛንቺስ ወደ ሌላ ሰፈር የተዛወሩ ነዋሪዎች በቀድሞ ሂሳባቸው ላይ ያለውን አድራሻና ስልክ ማሳደስ አለባቸው፤ የዕጣ አሸናፊ የሚፈለገው በተመዘገበው ስልክ ነውና። ከመፈረም በፊት ዝቅተኛው ቀሪ ሂሳብ ስንት እንደሆነ፣ የካርድና የአጭር መልእክት ክፍያ፣ ወለዱ በዕለታዊ ቀሪ ወይስ በወሩ ዝቅተኛ ቀሪ እንደሚታሰብ፣ ዕጣው ከመውጣቱ በፊት ገንዘብ ቢወጣ ቁጥሩ ይሰረዝ እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። የመጨረሻው ጥያቄ ብዙዎችን ያስቆጨ ነው። ለሃይማኖታቸው ወለድ የማይቀበሉ ደንበኞች ከወለድ ነፃ ሂሳብ ሲከፍቱ ሽልማቱ እነሱንም ያካትት እንደሆነ ይጠይቁ።

የዕጣ ማስታወቂያ የብሔራዊ ሎተሪን ፈቃድ መጥቀሱን መመልከትም ተገቢ ነው። «ዕጣ ወጥቶልዎታል» ብሎ የምሥጢር ቁጥር የሚጠይቅ ወይም አስቀድሞ የአገልግሎት ክፍያ እንዲላክ የሚያዝ ደዋይ አጭበርባሪ ነው፤ ባንክ የምሥጢር ቁጥር አይጠይቅም።

ከሁሉ የከፋው አደጋ ሂሳብን ለሌላ ሰው አሳልፎ መስጠት ነው። ሥራ ፈላጊ ወጣቶች «ሂሳብ ክፈትና ካርዱን ስጠኝ፣ ገንዘብ እከፍልሃለሁ» ይባላሉ። በዚያ ሂሳብ በማጭበርበር የተገኘ ገንዘብ ቢያልፍ መጀመሪያ የሚጠራው ስሙ የተመዘገበው ሰው ነው፤ በሕገ ወጥ መንገድ የተገኘ ገንዘብን ሕጋዊ በማስመሰል ሊጠየቅ ይችላል። በስህተት ወደ ሂሳብ የገባ ገንዘብም ማበረታቻ አይደለም፤ ሳይነኩ ወዲያውኑ ለቅርንጫፉ ማሳወቅ ያስፈልጋል።

የተገባለት ቃል ያልተፈጸመለት ደንበኛ በቅድሚያ ለቅርንጫፉ፣ ቀጥሎም ለባንኩ ዋና መሥሪያ ቤት የቅሬታ ክፍል በጽሑፍ ያመልክት፤ ማስታወቂያውንና የገቢ ደረሰኙን ያያይዝ። በዚያ መፍትሔ ካላገኘ ለብሔራዊ ባንክ የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ ክፍል ማቅረብ ይችላል። ሂሳቡን መዝጋት የሚፈልግም መታወቂያውን፣ ደብተሩንና ካርዱን ይዞ ይቀርባል፤ ከመዝጋቱ በፊት የተጠራቀመው ወለድ መታሰቡንና ከሂሳቡ ጋር የተያያዘው የሞባይል አገልግሎት መቋረጡን ያረጋግጥ።