ብስባሽና ውኃ የሚተኛበት የሩዝ ማሳ

ገለባና ፍግ ወደ ሩዝ ማሳ ከመግባቱ በፊት ከምሮ ማብላላት በምሥራቅ እስያ ለረጅም ዘመን የኖረ ልማድ ነው። አሜሪካዊው የአፈር ሊቅ ፍራንክሊን ኪንግ እ.ኤ.አ. በ1909 ቻይናን፣ ኮሪያንና ጃፓንን በጐበኘ ጊዜ፣ የቻይና ገበሬዎች ከቦይ ሥር የዛቁትን ጭቃ ማገጥ ከመሰለ ለምለም ተክል ጋር እያነባበሩ ሲከምሩ፣ ክምሩም ለሳምንታት ከተብላላ በኋላ ተሸክመው ወደ ማሳው ሲያጓጉዙ ተመለከተ። ተክሉን አርሶ በቀጥታ መቅበር እየተቻለ ይህን ያህል ጉልበት የሚፈስበት ምክንያት ምን ነበር? እ.ኤ.አ. በ1911 የታተመው የኪንግ መጽሐፍ ልማዱን በዝርዝር መዝግቦታል። ከውኃው በታች ያሉት ረቂቃን ተሕዋስያን የሚሠሩትን መረዳት ግን ረዘም ያለ ምርምር የጠየቀ ጉዳይ ነበር።

እ.ኤ.አ. ከ1913 ጀምሮ ሃሪሰንና ሱብራማኒያ አይየር በደቡብ ሕንድ ከሩዝ ማሳ ጭቃ የሚወጣውን አየር ሰብስበው መረመሩ። ጭቃው ሜቴን የተባለውን ተቀጣጣይ ጋዝ እንደሚያመነጭ፣ በአፈሩ ገጽ ላይ የሚገኙት ተሕዋስያን ደግሞ ከዚሁ ጋዝ ከፊሉን ከኦክሲጂን ጋር እያዋሐዱ እንደሚያጠፉት አስረዱ። በጃፓንም ታካይና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1956 የለውጡን ቅደም ተከተል አብራሩ። ማሳው በውኃ እንደተሸፈነ ተሕዋስያኑ ኦክሲጂኑን በአጭር ጊዜ ይጨርሳሉ፤ ከዚያም ናይትሬት፣ ማንጋኒዝ፣ ብረትና ሰልፌት በየተራቸው የኦክሲጂንን ቦታ ይተካሉ፤ በመጨረሻም ሜቴን አመንጪዎቹ ይሠለጥናሉ።

የብስባሽ ጥቅም የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ትኩስ ገለባ ውኃ ውስጥ ሲገባ፣ በቀላሉ የሚፈርሰው ክፍሉ ወደ አሲድና ሃይድሮጂን ይለወጥና ሜቴን አመንጪዎቹን ይቀልባል። አሲዱ ሲጠራቀም የችግኙን ሥር ይጐዳል። ገለባው በናይትሮጂን ድኻ ስለሆነም ተሕዋስያኑ የጐደላቸውን ከአፈሩ ይወስዳሉ፤ ሩዙም ለጊዜው ይራባል። አየር በሚያገኝ ክምር ውስጥ የተብላላው ግን ይህን ቀላል ምግብ አስቀድሞ ጨርሷል። ወደ ማሳው የሚገባው ቀስ ብሎ የሚፈርስ፣ ናይትሮጂኑንም በዝግታ የሚለቅ ቅሪት ነው።

ያጊና ሚናሚ እ.ኤ.አ. በ1990 በጃፓን ማሳዎች ላይ ያወጡት ጥናት ይህንኑ አረጋግጧል። ገለባ የሜቴኑን መጠን እጅግ ሲያሳድገው፣ ብስባሽ የጨመረው ጥቂት ብቻ ነበር። ሜቴን የምድርን ሙቀት ከሚጨምሩት ጋዞች አንዱ በመሆኑ፣ ውጤቱ ከማሳው ድንበር አልፎ የሚታሰብ ነው።

ይሁን እንጂ ብስባሽ ወጪ የለውም ማለት አይደለም። በክምሩ ውስጥ ናይትሮጂን በከፊል ይባክናል፤ በሚገባ ያልተብላላውም እንደ ትኩስ ገለባ ይሆናል። በእድገቱ መካከል ውኃውን ለጥቂት ቀናት ማፍሰስም ኦክሲጂንን ወደ አፈሩ ስለሚመልስ ሁለቱን ዘዴዎች ማጣመር ይበጃል። በኢትዮጵያም በፎገራ ሜዳ ሩዝ የሚበቅለው ውኃ በሚተኛበት ጥቁር አፈር ላይ ስለሆነ፣ ጉዳዩ ለሀገሩ ባለሙያዎች ባዕድ አይደለም። የማዳበሪያውን ብዛት የሚመዝን ባለሙያ፣ መብላላቱ በአየር ወይስ በውኃ ውስጥ እንደተፈጸመ አብሮ ሊጠይቅ ይገባዋል።