25 ዶላር በየወሩ

ካልጋሪና ኤድመንተን ታክሲ የምትነዱ ሁሉ የኤቲቢን ምልክት በቀን አስር ጊዜ ታልፉታላችሁ። ከጀርባው ያለውን ሰው ግን እኔም ያወቅኩት ኤርፖርት ተራ ስጠብቅ አንብቤ ነው።

ዊልያም አበርሃርት ይባላል። እዚሁ ካልጋሪ የክሬሰንት ሃይትስ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነበር፤ እሁድ እሁድ ደግሞ በሬዲዮ ይሰብካል። ዘመኑ በፈረንጅ 1930ዎቹ ነው። የስንዴ ዋጋ ወድቋል፣ ድርቅ ገብቷል፣ ገበሬው በባንክ ዕዳ ተይዟል። ሰባኪው ስብከቱ ላይ "ሶሻል ክሬዲት" የሚባል ሐሳብ ጨመረበት፦ ለእያንዳንዱ አዋቂ በየወሩ 25 ዶላር! ኦገስት 1935 ላይ ፓርቲው ከ63 የአልበርታ ምክር ቤት ወንበሮች 56ቱን ጠራርጎ ወሰደ። የሚገርመው እሱ ራሱ ዕጩ እንኳ አልነበረም፤ ፕሪሚየር ከሆነ በኋላ ነው ወንበር የተፈለገለት።

ብሩ አልመጣም። ገንዘብና ባንክ የኦታዋ ሥልጣን ነው፣ የክፍለ ሀገር አይደለም። በ1936 አልበርታ ዕዳዋን መክፈል አቃታት። ያኔ የራሱን ወረቀት አሳተመ፤ ዋጋው እንዳይወድቅ በየሳምንቱ የ1 ሳንቲም ቴምብር ይለጠፍበታል። እስቲ አስቡት፣ ኪሳችሁ ያለው ብር በየሳምንቱ ቴምብር ሲጠይቃችሁ! ብዙም አልቆየ።

እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነው። ይኸው መንግሥት ሕዝቡ የመረጠውን እንደራሴ ፊርማ አሰባስቦ እንዲያወርድ የሚፈቅድ ሕግ አውጥቶ ነበር። በ1937 የራሱ የአበርሃርት መራጮች፣ የኦኮቶክስና ሃይ ሪቨር ሰዎች፣ በዚያው ሕግ ፊርማ ማሰባሰብ ጀመሩበት። ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሕጉን ሻረው፤ ያውም ወደ ኋላ ተመልሶ እንዳልነበረ አድርጎ! መጀመሪያ ሳቅኩ፤ ከዚያ ደግሞ ሳቄ ጠፋ። ይሄ ነገር ለእኛ አገር ሰው አዲስ ነው እንዴ? በዚያው ዓመት ጋዜጦች የዜና ምንጫቸውን እንዲናገሩ የሚያስገድድ ሕግም ሞከረ፤ የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጣለው።

ሌባ ነበር ብዬ ግን አልጽፍም። ለዕዳ የተያዘውን ገበሬ ለማዳን በእውነት ታግሏል፤ በ1940ም ወንበር ቢቀንስበትም እንደገና አሸንፏል። ባንኮቹን ማዘዝ ሲያቅተው በ1938 መንግሥት ራሱ የገንዘብ ቤት ከፈተ፤ የመጀመሪያው ቅርንጫፍ ሮኪ ማውንቴን ሃውስ የምትባል ትንሽ ከተማ ነበር። የዛሬው ኤቲቢ ያ ነው።

አበርሃርት በ1943፣ ሥልጣን ላይ እያለ፣ ቫንኩቨር ሞተ። 25 ዶላሩን በየወሩ የተቀበለ ሰው የለም።