በቅርፊት ውስጥ ላለው ሕይወት የተሠራው ሕግ

የዶሮ ፅንስ ከጥንት ጀምሮ የሳይንስ ባለውለታ ነው። አርስቶትል የታቀፈ እንቁላል በሦስተኛው ቀን ሲከፈት ልቡ በነጩ ውስጥ እንደ ደም ነጠብጣብ ስትመታ እንደምትታይ ጽፏል። በ1931 እ.ኤ.አ. ኧርነስት ጉድፓስቸርና አሊስ ውድረፍ በአሜሪካው ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ቫይረስን በዶሮ ፅንስ ማራባት እንደሚቻል አሳዩ፤ የቢጫ ወባና የኢንፍሉዌንዛ ክትባትም በዚሁ መንገድ ተመረተ። ይህን ያህል የተገለገልንበት ፍጡር የሕግ ከለላ ያገኘው ግን እጅግ ዘግይቶ ነው። የብሪታንያ የ1986ቱ ሕግ የወፍ ፅንስን ከመታቀፊያው ጊዜ አጋማሽ ጀምሮ ጠበቀ፤ በ2012 ሲሻሻል ጥበቃው በመጨረሻው ሲሶ ተወሰነ፤ ይህም በ21 ቀን ለሚፈለፈለው ጫጩት ከ14ኛው ቀን በኋላ ማለት ነው።

ፅንስ ሕመም አይሰማውም፣ ጥንቃቄውም ምርምርን ያጓትታል የሚሉ አሉ። የነርቭ ሥርዓቱ ገና ባልተዋቀረባቸው የመጀመሪያዎቹ ቀናት ክርክራቸው ውኃ ያነሣል። ሊፈለፈል የተቃረበ ጫጩት ግን ከቅርፊቱ ሳይወጣ ይጮኻል፣ ለእናቱም ድምፅ ምላሽ ይሰጣል፤ ስሜት ቅርፊት በተሰበረበት ቅጽበት አይፈጠርም። ሕጉም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሲሶዎች ለተመራማሪው ክፍት ትቷል። ስለዚህ ሕግ ባያስገድድም እንኳ፣ ማንኛውም ቤተ ሙከራ መፈልፈያው የደረሰን ፅንስ እንደ ተፈለፈለ ጫጩት ቆጥሮ ከሥቃይ ሊጠብቀው ይገባል።