በሎንዶን ስለ ታየው የድካም ሕመምና ስለ ሐሳብ ሕክምናው ክርክር

በጁላይ 13 ቀን 1955 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በሎንዶን ከተማ በሮያል ፍሪ ሆስፒታል የሚሠሩ አንድ ሐኪምና አንዲት የነርሶች አለቃ ምንነቱ ባልታወቀ ሕመም ተይዘው ተኙ። በሁለት ሳምንት ጊዜ ውስጥ በዚሁ ሕመም የተያዙት የሆስፒታሉ ሠራተኞች ከ70 በለጡ። ሆስፒታሉም በጁላይ 25 ቀን ተዘግቶ እስከ ኦክቶበር 5 ቀን ድረስ ሳይከፈት ቈየ። እስከ ኖቬምበር 24 ቀን የታመሙት ሠራተኞች 292 ሲሆኑ ከነዚህ መካከል 255ቱ ሆስፒታል መተኛት ግድ ሆኖባቸዋል። ቀድሞውኑ በሌላ በሽታ ምክንያት ተኝተው ይታከሙ ከነበሩት ሰዎች ግን የተያዙት 12 ብቻ ነበሩ።

እኛ ሐኪሞች አይደለንም። ነገር ግን የታሪክ ተማሪ ምስክርነት በቀረበለት ጊዜ ሁሉ «ይኸንን የመሰከረው ማን ነው? አይቶ ነውን ወይስ ሰምቶ?» ብሎ መጠየቅ ልማዱ ነው። ከሮያል ፍሪ ሕመም ወዲህ ባሉት ዓመታት የብዙ ሺህ በሽተኞች ሕክምና የተወሰነው በዚሁ ጥያቄ ሁኖ ስላገኘነው ነገሩን ለጓደኞቻችንና ለመምህሮቻችን ማቅረብ ወደድን።

ብርቱ ድካምን እንደ ሕመም መቍጠር ከዚያ በፊትም የነበረ ነው። በ1869 ዓ.ም. ጆርጅ ቢርድ የተባሉ የኒው ዮርክ ሐኪም የነርቭ ኀይል ሲያልቅ ይመጣል ላሉት ድካም «ኒውራስቴኒያ» የሚል ስም አወጡለት። የፊላደልፊያው ሐኪም ሳይላስ ዌር ሚቸል ደግሞ በሽተኞቻቸውን፥ ይልቁንም ሴቶችን፥ ከዘመድ ለይተው ለብዙ ሳምንታት አልጋ ላይ በማስተኛትና ወተት በብዛት በማጠጣት ያክሙ ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ የመጡት ሊቃውንት የዚህን ተቃራኒ፥ ማለት በሽተኛውን ከአልጋው አስነሥቶ ማንቀሳቀስን፥ መድኃኒት ማድረጋቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።

ወደ ሮያል ፍሪ እንመለስ። ሕመሙ የሚዠምረው በጕሮሮ ሕመም፥ በራስ ምታትና በማዞር ነበር፤ ትኵሳቱ ግን ቀላል ነው። ቈየት ሲል የአንገት ዕጢዎች ያብጣሉ፥ ጡንቻ ይታመማል፥ በአንዳንዶቹም ዐይንን የሚያንቀሳቅሱት ነርቮች ይደክማሉ። ማንም ስላልሞተበት «ላንሴት» የተባለው የሕክምና መጽሔት በ1956 ዓ.ም. «ገር ማያልጂክ ኤንሴፋሎማየላይትስ» የሚል ስም አወጣለት፤ ይኸውም ከጡንቻ ሕመም ጋራ የሚመጣ የአንጎልና የኅብለ ሰረሰር መቈጣት ማለት ነው። «ገር» የሚለው ቃል ኋላ ተትቷል። ለዓመታት ከአልጋ ላልተነሣ ሰው ሕመምህ ገር ነው ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያስቸግርም።

በሆስፒታሉ የተላላፊ በሽታዎች ሐኪም የነበሩት ዶክተር ሜልቪን ራምሴይ ከዚያ በኋላ በሽተኞቹን ሳይተዉ ለብዙ ዓመታት ተከታተሏቸው። በ1986 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍ የሕመሙ ዋና መለያ ጡንቻ ከጥቂት ሥራ በኋላ እንኳ ኀይሉን ለመመለስ ሦስት፥ አራት፥ አምስት ቀን ወይም ከዚያ በላይ የሚፈጅበት መሆኑ ነው ብለዋል። ጤነኛ ሰው ቀኑን ሙሉ ዕንጨት ሲፈልጥ ቢውል ዐድሮ ይነሣል፤ እነዚህ ግን ደረጃ ወጥተው ለቀናት ይተኛሉ። ይህ ቃል የተገኘው በሽተኛን ከማየትና ከመስማት መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል፤ በኋላ ስንደርስበት ይጠቅመናልና።

በጃንዋሪ 1970 ዓ.ም. ግን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ኮሊን ማክኤቬዲና ኤ. ደብልዩ. ቢርድ የተባሉ ሁለት የአእምሮ ሐኪሞች (ይኸኛውን ቢርድ ከላይ ካነሣናቸው አሜሪካዊ ጋራ አናምታታው) በ«ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል» ባወጡት ጽሑፍ የሮያል ፍሪ ሕመም የብዙ ሰው ሂስቴሪያ ነበር አሉ። ምክንያታቸውም ከታማሚዎቹ ሴቶቹ መብዛታቸው፥ የሕመሙ ስሜት ከትኵሳቱ ጋራ አለመመጣጠኑ፥ በላቦራቶሪም ይህ ነው የሚባል ነገር አለመገኘቱ ነበር። ማክኤቬዲ በታሪክ ካርታዎቻቸው ለታሪክ ተማሪዎች ሁሉ የታወቁ ሰው ናቸውና ጽሑፋቸውን በአክብሮት አየነው። ነገር ግን ሁለቱ ሊቃውንት ይኸንን የፈረዱት ታማሚዎቹን መርምረው ሳይሆን የሆስፒታሉን የሕመም መዝገብ አገላብጠው ነው። መዝገብ ማገላበጥ የኛም ሥራ ስለ ሆነ አናቃልለውም። ሆኖም እኛ ወደ መዝገብ የምንሄደው ባለታሪኮቹ በሞት ስለ ተለዩን ነው፤ በ1970 ዓ.ም. ግን የሮያል ፍሪ ነርሶች በሕይወት ነበሩ፥ ብዙዎቹም ገና በጕልምስና ዕድሜ ላይ ነበሩ። የሴቶቹ መብዛትም ቢሆን ለአንድ ወገን ብቻ የሚመሰክር አይደለም፤ ነርሶች በሽተኛን የሚነኩ፥ አብረውም የሚበሉና የሚያድሩ ስለ ሆኑ ተላላፊ በሽታም እንዲሁ ሊበዛባቸው ይችላል።

ራምሴይና ባልደረቦቻቸው ተቃወሙ። በ1978 ዓ.ም. በሎንዶን በሮያል ሶሳይቲ ኦፍ ሜዲሲን ስለዚሁ ሕመም ጉባኤ ተደረገ። ነገር ግን ሂስቴሪያ የሚለው ቃል አንድ ጊዜ ከተነገረ በኋላ ከሐኪሞች ልብ በቀላሉ የሚወጣ አልሆነም።

የአስተሳሰብና የጠባይ ሕክምና የሚባለው ዘዴ የገባው ከዚህ በኋላ ነው። ዘዴው ራሱ ለዚህ ሕመም የተፈጠረ አይደለም። በ1960ዎቹ ዓመታት ዶክተር አሮን ቤክ በፊላደልፊያ በብርቱ ሐዘን የተያዙ ሰዎችን ሲያክሙ፥ በሽተኛው ሳያስተውለው ወደ ልቡ የሚመላለሰውን ክፉ ሐሳብ እንዲያስተውልና እንዲመረምረው ማድረግ እንደሚጠቅመው ተገነዘቡ። በ1988 ዓ.ም. በአሜሪካ የድካሙ ሕመም «ክሮኒክ ፋቲግ ሲንድሮም» ተባለ። በዓመቱ ሳይመን ዌስሊ፥ ትሩዲ ቻልደርና ሌሎች የሎንዶን ሊቃውንት የቤክን ዘዴ ለዚህ ሕመም የሚያውልን ሐሳብ ጽፈው አወጡ። እንደ እነሱ አባባል ሕመሙን ቫይረስ ሊዠምረው ይችላል፤ በሽተኛው ግን ድካሙን ፈርቶ ሲተኛ ጡንቻው ይላላል፥ ጡንቻው ሲላላ ጥቂት መንቀሳቀስም ያደክመዋል፥ ድካሙም ፍርሀቱን ያጸናበታል። ስለዚህ ፍርሀቱን በውይይት ማስወገድ፥ እንቅስቃሴውንም በየጊዜው መጨመር ይገባል። ይህ መላ ምት ከሂስቴሪያው ፍርድ ይልቅ ርኅራኄ ያለበት እንደ ነበረ እናምናለን። ጕድለቱ ራምሴይ የመዘገቡትን የሥራ ማግሥት መውደቅ እንደ ሕመሙ ጠባይ ሳይሆን እንደ ፍርሀትና እንደ ጡንቻ መላላት ፍሬ መተርጐሙ ነው።

ይህንን ለመፈተን የተደረገው ትልቁ ጥናት «ፔስ» ይባላል። ወጪው ወደ 5 ሚሊዮን ፓውንድ ሲሆን ከገንዘቡ ከፊሉን የሰጠው ለበሽተኞች የመንግሥት ድጎማ የሚከፍለው መሥሪያ ቤት ነበር። 641 በሽተኞች በአራት ተከፍለው አንዱ ወገን የተለመደውን የሐኪም ክትትል ብቻ፥ የቀሩት ሦስቱ ደግሞ በዚያ ላይ የሐሳብ ሕክምና፥ ወይም እየተጨመረ የሚሄድ እንቅስቃሴ፥ ወይም ዐቅምን እየለኩ መኖርን ተማሩ። በ2011 ዓ.ም. ውጤቱ ሲታተም የሐሳብ ሕክምናና እንቅስቃሴ ይጠቅማሉ ተባለ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ በነዚህ በሁለቱ ከመቶ 22 ሰው ዳነ ተብሎ ተጻፈ።

በሽተኞቹ ግን ጽሑፉን መስመር በመስመር አነበቡት። ወደ ጥናቱ ለመግባት በሰውነት ዐቅም መጠይቅ ላይ 65 ወይም ከዚያ በታች ማግኘት ያስፈልግ ነበር፤ ከጤነኞች ተርታ ለመቈጠር ግን 60 በቂ ሆነ። እንግዲህ በ65 ገብቶ በ60 የወጣ ሰው ታሞ ገባ፥ ብሶበት ወጣ፥ በዚያ መለኪያ ግን ከጤነኞች ጋራ ተቈጠረ ማለት ነው! ጥናቱ ሳይዠመር የተጻፈው ዕቅድ ለመዳን የወሰነው 85 ነበር። ሁለተኛው ነገር ይኸውና፤ ሕክምናው በሽተኛው ስለ ሕመሙ ያለውን አስተያየት ለመለወጥ የታሰበ ሲሆን መለኪያው ደግሞ ያንኑ አስተያየት የሚጠይቅ ወረቀት ነው። ከሰው አፍ ውጭ በሆነው መለኪያ፥ በስድስት ደቂቃ የእግር ጕዞ፥ የሐሳብ ሕክምና ያገኙት ከዓመት በኋላ 354 ሜትር፥ ክትትል ብቻ ያገኙት 348 ሜትር ሄዱ። ልዩነቱ 6 ሜትር ነው። እንቅስቃሴ የተጨመረላቸው 379 ሜትር ደርሰዋል።

አንድ በአውስትራሊያ የሚኖር በሽተኛ የጥናቱ ቍጥሮች እንዲሰጡት ጠየቀ፤ ክዊን ሜሪ ዩኒቨርሲቲ እምቢ ብሎ ተከራከረ፤ በ2016 ዓ.ም. የእንግሊዝ ዳኞች ቍጥሮቹ ይውጡ ብለው ፈረዱ። በመዠመሪያው ዕቅድ መሠረት እንደገና ሲሰላ በሐሳብ ሕክምና የዳኑት ከመቶ 7፥ በእንቅስቃሴ 4፥ በክትትል ብቻ 3 ሆኑ። የጥናቱ ባለቤቶች ይኸንን ስሌት አልተቀበሉትም፤ መለኪያውን የለወጥነው ውጤቱን ሳናይ ነው ይላሉ። ይህ መልስ ቢታመን እንኳ 60 እንዴት የጤና ልክ እንደሚሆን አያስረዳም።

ነገሩ በሌላም ቦታ ተደግሟል። ፊል ፓርከር የተባሉ እንግሊዛዊ ያወጡት «ላይትኒንግ ፕሮሰስ» የሚባል፥ በሽተኛው በሐሳቡ ሰውነቱን እንዲገዛ የሚያሠለጥን ትምህርት በ100 ልጆች ላይ ተፈትኖ በ2017 ዓ.ም. መልካም ውጤት ታተመ። ከልጆቹ ከግማሽ የሚበልጡት ጥናቱ በሕግ ከመመዝገቡ በፊት የገቡ መሆናቸውና ዋናው መለኪያ በመካከል መለወጡ ስለ ታወቀ መጽሔቱ በ2019 ዓ.ም. ረዥም ማረሚያ ለማውጣት ተገደደ።

በ2015 ዓ.ም. የአሜሪካ የሕክምና ሊቃውንት ጉባኤ ከ9,000 የሚበልጡ ጽሑፎችን መርምሮ ሕመሙ መላ ሰውነትን የሚነካ ከባድ በሽታ መሆኑን፥ ዋና ምልክቱም ከሥራ በኋላ የሚመጣው መባባስ መሆኑን አስታወቀ። ራምሴይ በ1990 ዓ.ም. ስለ ሞቱ ይኸንን አላዩም። በ2020 ዓ.ም. የኮቪድ ወረርሽኝ በመጣና ከበሽታው ተርፈው ድካም የቀረባቸው ሰዎች በበዙ ጊዜ፥ የሕክምና መመሪያ የሚያወጣው ናይስ የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት በ2007 ዓ.ም. ያወጣው የእንቅስቃሴ ምክር ለነዚህ ሰዎች ይሠራል ተብሎ እንዳይታሰብ አስጠነቀቀ። አዲሱ መመሪያ በኦገስት 2021 ዓ.ም. ሊወጣ ሲል የሐኪሞች ማኅበራት ስለ ተቃወሙ ታግዶ፥ በኦክቶበር 29 ቀን ወጣ። በዚህ መመሪያ እየተጨመረ የሚሄድ እንቅስቃሴም ላይትኒንግ ፕሮሰስም እንዳይሰጡ ተወሰነ። የሐሳብ ሕክምና ግን አልተሻረም፤ በሽተኛው ከፈቀደ ከሕመሙ ጋራ ለመኖር እንዲረዳው ይሰጣል፥ ይፈውሳል ተብሎ ግን አይነገረውም። ማኅበራቱ ይኸንንም በሙሉ ልብ አልተቀበሉትም፤ ክርክሩ ቀጥሏል።